የሕፃናትን እንጥል ስለ መቍረጥ

በምሥራቅ ጎጃም፥ የአባይን ሸለቆ ተሻግሮ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ሉማሜ የምትባል ከተማ አለች። እርሷም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው አገር ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት ለም መሬት ነው። በዚያ አገር፥ እንደዚሁም በብቸናና በሞጣ አገር፥ እናት ልጅዋን እንደ ዐይንዋ ብሌን ትጠብቃለች። ብርድ እንዳይመታው በጋቢ ትጠቀልለዋለች፤ ሌሊት ባለቀሰ ጊዜ እንቅልፍዋን ትታ ታጠባዋለች፤ በታመመም ጊዜ እርሷ ራስዋ እንደ ታመመች ሆና ትጨነቃለች።

ነገር ግን ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ ዕውቀት ሊመራው ይገባል። በጨለማ ሌሊት ልጁን አዝሎ በአባይ ገደል አፋፍ የሚሄድ አባት፥ ልጁን ስለሚወድደው ብቻ ከመውደቅ አይድንም፤ መብራት ያስፈልገዋል። እንዲሁም ሰዎች ከፍቅር የተነሣ ለልጃቸው ከሚያደርጉት ነገር አንዱ፥ ዕውቀት ስለ ጐደለው፥ ልጁን የሚጐዳ ሆኖ ተገኝቷል። ይኸውም የሕፃኑን እንጥል ማስቈረጥ ነው።

1. እንጥል ምንድር ነው?

እንጥል ማለት በአፍ ውስጥ፥ በላንቃ መጨረሻ፥ ከጕሮሮ መግቢያ በላይ ተንጠልጥሎ የሚታይ ትንሽ ለስላሳ ሥጋ ነው። አንድ ልጅ በመስተዋት ፊት ቆሞ አፉን ከፍቶ «አ» ቢል ያየዋል። «አ» ባለም ጊዜ እንጥሉ ወደ ላይ ሲሳብ ይመለከታል። ይህም እንጥል ያለ ሥራ የተቀመጠ ትርፍ ሥጋ አለመሆኑን ያስረዳል።

አፍና አፍንጫ ከውስጥ በኩል የተገናኙ ናቸው። ሰው ምግብ በሚውጥበት ጊዜ ለስላሳው ላንቃ ከእንጥሉ ጋር ወደ ላይና ወደ ኋላ ይነሣና ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ እንደ በር ይዘጋዋል። ስለዚህ የምንጠጣው ውሃና የምንበላው እህል በአፍንጫችን ተመልሶ አይወጣም። ከዚህም በላይ እንጥል እርጥበት እያወጣ ጕሮሮን ያለሰልሳል።

እንጥልና ለስላሳው ላንቃ ለንግግርም ያገለግላሉ። ፊደል የሚቈጥር ልጅ ይህን በራሱ ሊፈትነው ይችላል። አፍንጫውን በሁለት ጣቶቹ ይዞ «ስ» እያለ ድምፁን ያስረዝም፤ ድምፁ ሳይታገድ ይወጣል። ቀጥሎም አፍንጫውን እንደ ያዘ «ም» ወይም «ን» እያለ ድምፁን ሊያስረዝም ይሞክር፤ ወዲያው ይታፈንበታል። ምክንያቱም «ም» እና «ን» በአፍንጫ የሚያልፉ ድምፆች ሲሆኑ፥ «ስ» ግን በአፍ ብቻ የሚወጣ ድምፅ ስለ ሆነ ነው። ለእያንዳንዱ ድምፅ እንደሚያስፈልገው በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ለስላሳው ላንቃ ነው።

የቈራጩ እጅ ከእንጥሉ አልፎ ላንቃውን የጐዳበት ልጅ ግን በሩ በደንብ አይዘጋለትም። ንግግሩ በአፍንጫው ይወጣበታል፤ «በ» ሊል ሲፈልግ «መ» ይመስልበታል፤ የጠጣውም ውሃ በአፍንጫው ይመለስበታል። ዲማና ደብረ ወርቅ በትምህርታቸው የታወቁበት የጎጃም ሕዝብ፥ ጥሩ ድምፅና ጥሩ ንባብ ለተማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃል። ንባቡም ዜማውም ቅኔውም የሚነገረው በአንደበት ነውና።

2. ሰዎች ስለምን ያስቈርጡታል?

ሰዎች የልጃቸውን እንጥል የሚያስቈርጡት ጨካኞች ሆነው አይደለም። ሕፃኑ ሲያስለው፥ ሲያስመልሰው፥ ጡት አልይዝ ሲል፥ ጕሮሮው ሲያንኰራፋ ያያሉ። አፉን ከፍተው በተመለከቱም ጊዜ እንጥሉ ቀልቶና አብጦ ያገኙታል። ያን ጊዜ «እንጥሉ ወርዷል» ይላሉ። «ቶሎ ካልተቈረጠ ያብጣል፤ ካበጠም በኋላ ይፈነዳል፤ ጕሮሮውንም ዘግቶ ልጁን ይገድለዋል» ብለው ይፈራሉ። ሌሎችም ልጁ ምንም ሳይታመም፥ ከተወለደ ጥቂት ቀን ወይም ጥቂት ሳምንት ሲሆነው፥ ለወደፊቱ ከሕመም ይጠብቀዋል ብለው አስቀድመው ያስቈርጡታል።

ቈራጩ በመንደሩ የታወቀ ሰው ነው። ሙያውንም ከአባቱ ወይም ከሌላ ሽማግሌ እያየ የተማረ ነው እንጂ የሰውን አካል በትምህርት ቤት ያጠና አይደለም። እናቲቱ ወይም አያቲቱ ሕፃኑን በጭንዋ ላይ ታስተኛዋለች፤ ሌላ ሰው ደግሞ ራሱን አጥብቆ ይይዛል። አንዱ ቈራጭ በምላጭ፥ ሌላው እንደ ማጭድ በጐበጠ ስለት፥ ሌላውም ከፈረስ ጭራ በተሠራ ሸምቀቆ እንጥሉን ጠልፎ ይቈርጠዋል። ለሕፃኑ ማደንዘዣ አይሰጠውም። ሥራው በጥቂት ጊዜ ያልቅና ቈራጩ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ግን ከልጁና ከእናቱ ጋር ይቀራል።

ይህ ልማድ የጎጃም ብቻ አይደለም። በሌላው የአማራ አገር፥ በትግራይና በሌሎችም ብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች ይገኛል። ከኢትዮጵያም ውጭ በሱዳን፥ በታንዛንያ፥ በኒጀርና በናይጄርያ የታወቀ ነው። በናይጄርያና በኒጀር በሚኖረው በሐውሳ ሕዝብ ዘንድ፥ ጠጕር የሚላጩት ሰዎች ሕፃኑ ስም በሚወጣለት በሰባተኛው ቀን እንጥሉን የመቍረጥ ልማድ አላቸው። እነሆ፥ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሕዝቦች በአንድ ፍርሃት ምክንያት አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠሩ ይታያሉ።

3. ፍርሃቱ እውነት ነው፤ በዳዩ ግን ሌላ ነው

የእናቶች ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ብዙ ሕፃናት በጕሮሮና በሳንባ በሽታ ምክንያት በእውነት ሞተዋል፤ ዛሬም የሚሞቱ አሉ። ነገር ግን የገደላቸው ማን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል። በደለኛውን ሳይለዩ መፍረድ ንጹሑን መቅጣት ነውና።

መጀመሪያው ጕንፋን ነው። ጕንፋን ያፍንጫንና የጕሮሮን ውስጥ ያስቈጣል፤ ብዙ ጊዜም ያለ መድኀኒት ይድናል። አራስ ሕፃን የሚተነፍሰው ይልቁንም በአፍንጫው ስለ ሆነ፥ አፍንጫው በተደፈነበት ጊዜ ያንኰራፋል፤ ጡት እየጠባም መተንፈስ ይቸግረዋል። እናቱም ጕሮሮው የተዘጋ ይመስላታል።

ሁለተኛው ዘጊ አናዳ ነው፤ ሐኪሞች ዲፍቴርያ ይሉታል። ይህ በሽታ በጕሮሮ ውስጥ አመድ የሚመስል ሽፋን ያበቅልና የትንፋሽን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ክትባት ባልነበረበት ዘመን በዓለም ሁሉ እጅግ ብዙ ልጆችን ገድሏል። ሦስተኛው ትክትክ ነው፤ ሕፃኑን ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ያስለዋል። አራተኛው ሳንባ ምች ነው፤ ይህም ትንሽ ልጆችን ከሚገድሉት በሽታዎች ዋነኛው ነው።

ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ፥ ይልቁንም ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት ያሉት፥ ቶንሲል ይታመማሉ። የቶንሲል ሕመም አንዳንድ ጊዜ ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ተሐዋሲ ይመጣል። ይህ ተሐዋሲ ያመጣው ሕመም በደንብ ሳይታከም ቢቀር፥ ኋላ የልብን በሮች የሚያበላሽ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። መድኀኒቱ ግን ፔኒሲሊንና እርሱን የመሰሉት ናቸው። ፔኒሲሊንን እስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 አግኝቶታል። እንጥልን መቍረጥ ይህን ተሐዋሲ አይገድለውም፤ ልብንም አያድንም።

በእነዚህ ሕመሞች ጕሮሮ በተቈጣ ጊዜ እንጥልም አብሮ ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል። እርሱ የበሽታው ምልክት ነው እንጂ የበሽታው ምንጭ አይደለም። ስለዚህ እንጥልን መቍረጥ፥ ሌባ ሲመጣ የጮኸውን ውሻ ገድሎ ሌባውን እንደ መተው ነው። ውሻው ዝም ይላል፤ ሌባው ግን በቤት ውስጥ ነው።

4. የምላጩ ጕዳት

የመጀመሪያው ጕዳት ደም መፍሰስ ነው። 3 ኪሎ የሚመዝን አራስ ሕፃን በሰውነቱ ሁሉ ያለው ደም ሩብ ሊትር ያህል ነው፤ ይህም አንድ የውሃ ብርጭቆ የሚሞላ ነው። አንድ የቡና ሲኒ ያህል ደም ቢፈስስ ትልቅ ሰው ላይጐዳ ይችላል፤ ከአራስ ሕፃን ቢፈስስ ግን ከደሙ ሁሉ አራተኛው እጅ ያህል ጐደለ ማለት ነው። ደግሞም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ቫይታሚን ኬ በአራስ ሰውነት ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለሚወለዱ ሕፃናት ይህ ቫይታሚን በመርፌ የሚሰጠው ስለዚህ ነው። በቤት የተወለደና መርፌውን ያላገኘ ሕፃን በተቈረጠ ጊዜ ደሙ ቶሎ ላይቆም ይችላል።

የእጅ ቍስል በጨርቅ ይታሰራል፤ የጕሮሮ ቍስል ግን አይታሰርም። ሕፃኑም የሚፈስሰውን ደም ይውጠዋል። ስለዚህ እናቱ በውጭ ብዙ ደም ሳታይ ልጅዋ በውስጥ እየደማ ሊደክም ይችላል። ፊቱ ሲገረጣ፥ እጅና እግሩ ሲቀዘቅዝ፥ ዝም ብሎ ሲተኛ «ዐረፈ፤ ተሻለው» ብላ ታስባለች። ነገር ግን ያ ዝምታ የዕረፍት ሳይሆን የድካም ሊሆን ይችላል። ደሙ ወደ ትንፋሽ መንገድ ቢገባ ደግሞ ያፍነዋል።

ሁለተኛው ጕዳት በቍስሉ የሚገባ በሽታ ነው። ምላጩ ወይም ሸምቀቆው ለዐይን ንጹሕ ቢመስልም፥ በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይኖሩበታል። መንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ተሐዋሲ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል። በቍስል በኩል ከገባ በኋላ መርዙ ጅማትንና ጡንቻን ያኰማትራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ደኅና ይጠባ የነበረ ሕፃን፥ ከሦስተኛው ቀን በኋላ አፉን መክፈት ያቅተዋል፤ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ብርሃን ወይም ድምፅ ባስደነገጠው ቍጥር ይንቀጠቀጣል። ቶሎ ሕክምና ያላገኘ ሕፃን ከዚህ በሽታ የሚተርፈው በጭንቅ ነው።

ደግሞ አንዱ ቈራጭ በአንድ ቀን ብዙ ልጆችን በአንድ ስለት ቢቈርጥ፥ የአንዱ ደም ለሁለተኛው ይተላለፋል። ኤች አይ ቪና አንዳንድ የጉበት በሽታዎች በዚህ መንገድ ከታመመው ወደ ጤነኛው ሊሻገሩ ይችላሉ። ቈራጩ ይህን አስቦ አያደርገውም፤ አለማሰቡ ግን ልጁን አያድነውም።

ሦስተኛው ጕዳት ረኃብ ነው። ጕሮሮው የቈሰለ ሕፃን መዋጥ ስለሚያመው ጡት እንቢ ይላል። ለትልቅ ሰው አንድ ቀን አለመብላት ጾም ነው፤ ለአራስ ግን አንድ ቀን አለመጥባት ወደ ሞት መቅረብ ነው።

አራተኛው ጕዳት የጊዜ መጥፋት ነው። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን እንጥሉ ከተቈረጠ በኋላ ቤተ ሰቦቹ «አሁንስ ይድናል» ብለው ሁለትና ሦስት ቀን ይጠብቃሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ መድኀኒት ሊያድነው ይችል የነበረው በሽታ ይበረታል። እንዲህም ሆኖ የሞተ ልጅ በተነሣ ቍጥር፥ ሰው «እንጥሉ ዘግይቶ ስለ ተቈረጠ ነው» ይላል እንጂ ቍርጡን አይወቅስም።

5. «እኛም ተቈርጠን አድገናል» ስለሚሉ ሰዎች

ሽማግሌዎችና አሮጊቶች «እኛም በልጅነታችን ተቈርጠናል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ በሕይወት አለን» ይላሉ። የተናገሩት እውነት ነው። እንጥሉ የተቈረጠ ልጅ ሁሉ አይሞትም፤ ብዙዎችም ደኅና ሆነው ያድጋሉ። ነገር ግን «ተቈርጠን አድገናል» ብለው ሊመሰክሩ የሚችሉት ያደጉት ብቻ ናቸው። በተቈረጡ በሳምንታቸው የተቀበሩት ሕፃናት ሸንጎ ላይ ቆመው አይናገሩም። ሙላት የበዛበትን ወንዝ የተሻገረ ሰው «እኔ ተሻግሬአለሁና አትፍሩ» ቢል፥ ወንዙ የወሰዳቸው ግን መልስ ሊሰጡ አይችሉም።

ሌሎችም «ልጄ ያስለው ነበር፤ እንጥሉ ከተቈረጠ በኋላ ሳሉ ተወው» ይላሉ። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ ነገር ግን የነጋው ዶሮው ስለ ጮኸ አይደለም፤ ዶሮው ባይጮኽም ይነጋ ነበር። ጕንፋንም እንዲሁ ነው፤ እንጥል ቢቈረጥም ባይቈረጥም በጥቂት ቀን ይለቅቃል። አንዱ ነገር ከሌላው በኋላ ስለ መጣ ብቻ የፊተኛው የኋለኛውን አመጣው ማለት አይገባም። ይህን መለየት የማስተዋል መጀመሪያ ነው።

6. ልማድን ስለ መመርመር

የአባቶች ልማድ ሁሉ ክፉ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ሁሉ ደግ ነው የሚልም እንዲሁ ይሳሳታል። ልማድ እንደ እህል በወንፊት ሊነፋ ይገባዋል።

ስለዚህ ነገር እንዶድ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ከጥንት ጀምረው ልብስ የሚያጥቡት በእንዶድ ፍሬ ነበር። አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በዓድዋ ሳሉ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ በቀንድ አውጣ በኩል እንደሚተላለፍ ያውቁ ነበርና ነገሩን በምርምር ፈተኑት፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድልም ተረጋገጠ። የአገሩ ልማድ በተመረመረ ጊዜ ጥቅሙ ተገለጠ፤ አክሊሉም በዓለም ታወቁ።

እንጥል መቍረጥም ተመርምሯል፤ በተመረመረ ጊዜ ግን ጥቅሙ ሳይሆን ጕዳቱ ተገለጠ። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ከጌታ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ የነበረው የግሪክ ሐኪም ሂፖክራጥስ እንኳ፥ እንጥል ቀልቶና አብጦ ሳለ መቍረጥ ደም መፍሰስንና ሌላ መቈጣትን ስለሚያመጣ አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቋል። ሰዎች እንጥልን የሚያስቈርጡት ግን ብዙውን ጊዜ በቀላና ባበጠ ጊዜ ነው።

በኋላ ዘመንም የአፍሪካ አገሮች በዚህ ጕዳይ ተመካክረዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር፥ ጐጂ ልማዶችን የሚከላከል የአፍሪካ አገሮች ኮሚቴ ተመሠረተ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም በአዲስ አበባ ሆነ። በ1987 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እርሱም የሴት ልጅ ግርዛትን፥ ያለ ዕድሜ ጋብቻን፥ የወተት ጥርስ መንቀልንና እንጥል መቍረጥን ከጐጂ ልማዶች ጋር ቈጥሮ ሕዝቡን ሲያስተምር ኖሯል። በግንቦት 1997 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በ561ኛውና በ562ኛው አንቀጽ፥ ጐጂ ልማድ በመፈጸም በነፍሰ ጡር ሴት ወይም በሕፃን ላይ ሞት ወይም የአካል ጕዳት ያደረሰ ሰው እንዲቀጣ አዝዟል።

7. እንግዲህ ምን ይደረግ?

«አትቍረጡ» ብሎ መከልከል ብቻውን አይበቃም። የታመመ ልጅ በቤት ያላት እናት «እንግዲያስ ምን ላድርግ?» ብላ ትጠይቃለችና መልስ ያስፈልጋታል።

የመጀመሪያው መልስ ክትባት ነው። ነፍሰ ጡር እናት የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት ብትከተብ፥ ከእርሷ የሚገኘው መከላከያ በማኅፀን ላለው ልጅ ይተርፋል። ሕፃኑም በተወለደ በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንቱ አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለውን ክትባት ይከተባል። ከአምስቱም ውስጥ ዘጊ አናዳ፥ ትክትክና መንጋጋ ቆልፍ ይገኛሉ። ይህ ክትባት በኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። እናቶች እንጥል ያመጣዋል ብለው የሚፈሩትን ጕሮሮ ዘጊ ሞት በእውነት የሚከለክለው ምላጭ ሳይሆን ይህ መርፌ ነው።

ሁለተኛው መልስ የእናት ጡት ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ቅቤም ሌላም ነገር አያስፈልገውም። የእናት ወተት ምግብም ነው፤ በሽታንም ይከላከላል።

ሦስተኛው መልስ የአደጋን ምልክት ማወቅ ነው። ሕፃኑ ጡት መጥባት ካቃተው፥ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፥ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፥ ከወትሮው ይልቅ ከደከመና ካልነቃ፥ ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል። ትንፋሹንም መቍጠር ይጠቅማል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ፥ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ፥ ከአንድ እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፥ ሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። ቍጥር የተማረና ሰዓት ማየት የሚያውቅ ልጅ በዚህ ነገር እናቱን ሊረዳት ይችላል። ትምህርት ለሕይወት ጠቀመ የሚባለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

አራተኛው መልስ ጤና ኬላ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በየቀበሌው ጤና ኬላ እያቆመ፥ ትምህርታቸውን የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ አሰማርቷል። ጤና ኬላው ሊረዳው የማይችለው ሕመም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ይላካል። የጕሮሮ ቍርጥ በእውነት የሚያስፈልገው በሽተኛ ቢገኝም፥ ያን የሚያደርገው በማደንዘዣና በተቀቀለ መሣሪያ የሚሠራ የሠለጠነ ሐኪም ነው።

እንጥሉ አስቀድሞ የተቈረጠ ሕፃን ቢኖር ደግሞ፥ ቤተ ሰቦቹ ከኀፍረት ወይም ከፍርሃት የተነሣ ሊደብቁት አይገባም። ቢደማ፥ ቢያተኵስ፥ ጡት እንቢ ቢል፥ አፉን መክፈት ቢያቅተው፥ ወዲያውኑ ወስደው የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽጉ ለሐኪሙ መንገር ይገባቸዋል። የተደበቀ ነገር ለማከም ያስቸግራልና።

ልጆች ሆይ፥ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ሕፃን በሚወለድበት ጊዜ ይህ ነገር ሊነሣ ይችላል። ያን ጊዜ አያትን «አታውቂም» ብሎ መስደብ የተማረ ሰው ሥራ አይደለም። አያቲቱ ልማዱን የያዘችው ሕፃኑን ስለምትወድድ ነው፤ ምናልባትም በዘመንዋ በጕሮሮ በሽታ የሞተባት ልጅ ይኖር ይሆናል። «እምዬ፥ እርስዎ የፈሩት በሽታ በእውነት አለ፤ ዛሬ ግን መድኀኒቱ ተገኝቷልና አስቀድመን ወደ ጤና ኬላ እንውሰደው» ብሎ በትሕትና መናገር ይሻላል። ለስላሳ ቃል የደነደነውን ልብ ያራራል፤ ስድብ ግን የተከፈተውንም ጆሮ ይዘጋዋል።

አራስ ሕፃን ክፉና ደጉን መለየት አይችልም። «ቍረጡኝ» አላለም፤ «ተዉኝ» ሊልም አይችልም። ስለ እርሱ የሚናገሩለት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ማንበብ የተማረ ሁሉ ያነበበውን ማንበብ ላልቻሉት ሊያሰማ ይገባዋል። የአንድ ልጅ ቃል አንድን ቤት ቢመልስ፥ በዚያ ቤት አንድ ሕፃን ይድናል።

ጥያቄ

1. እንጥል በአፍ ውስጥ በየት ስፍራ ይገኛል? ሥራውስ ምንድር ነው?
2. አፍንጫውን የያዘ ሰው «ም» ብሎ ድምፁን ማስረዘም የማይችለው ስለምንድር ነው?
3. ሰዎች የሕፃናትን እንጥል የሚያስቈርጡት ምን ፈርተው ነው? የሚፈሩትን ነገር የሚያመጡት በሽታዎች እነማን ናቸው?
4. ምላጭ በሕፃን ላይ የሚያመጣቸውን አራት ጕዳቶች ቍጠር።
5. «ተቈርጠን አድገናል» ለሚሉ ሰዎች ምን መልስ ይሰጣል?
6. የእንዶድና የእንጥል መቍረጥ ልማድ በምን ይለያያሉ?
7. ሕፃን በታመመ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስወስዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?